ኤሚል ፎን ቤሪንግ፦ የደምን ምሥጢር የመረመረ ሐኪም

በ19ኛው መቶ ዓመት በአውሮፓ አገሮች ሕፃናትን እንደ ቅጠል ያረግፉ ከነበሩት በሽታዎች አንዱ ዲፍቴሪያ ነበር። ይህ በአማርኛ ዘጊ አነዳ የሚባለው በሽታ በመጀመሪያ ቀላል የጉሮሮ ሕመም መስሎ ይታያል። ዳሩ ግን ጥቂት ቀናት እንዳለፉ በሕፃኑ ጉሮሮ ውስጥ ግራጫ መልክ ያለውና ከሥጋው ጋር የተጣበቀ ልባስ ይጋገራል። ልባሱ እየወፈረ በሄደ መጠን የአየር መተላለፊያው ይጠባል፤ ሕፃኑ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ በመጨረሻም ታፍኖ ይሞታል። ሐኪሞች የሕፃኑን አንገት በስተው ወደ አየር ቧንቧው ቱቦ በማስገባት ትንፋሽ ሊሰጡት ይሞክሩ ነበር። ነገር ግን ከመታፈን የተረፈው ሁሉ ከሞት ተረፈ ማለት አልነበረም። ከቀናት በኋላ የልቡ ምት በድንገት ቀጥ የሚልበት ሕፃን ብዙ ነበር። በአንድ ቤት የሚያድጉ ወንድማማቾችና እኅትማማቾች በጥቂት ቀናት ውስጥ ተከታትለው የሚቀበሩበት ጊዜም ጥቂት አልነበረም። በታላላቅ ሆስፒታሎች እንኳ በዚህ በሽታ ጠንቶባቸው ከሚገቡት ሕፃናት ግማሽ ያህሉ ወደ ወላጆቻቸው አይመለሱም ነበር።

ይህን መቅሠፍት ለማስታገሥ ያስቻለው መድኃኒት የተገኘው ከዕፀዋት ሥር ወይም ከማዕድን አይደለም። የተገኘው የበሽታውን መርዝ ታግሎ ካሸነፈ እንስሳ ደም ውስጥ ነው። ይህንንም ለዓለም ካስረዱት ሊቃውንት መካከል ግንባር ቀደሙ ጀርመናዊው ሐኪም ኤሚል ፎን ቤሪንግ ነው። ከዚህ ቀጥሎ የሚቀርበው የእርሱ የሕይወት ታሪክ ነው። በታሪኩ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ኤሚል አዶልፍ ቤሪንግ ማርች 15 ቀን 1854 ዓ.ም. በፕሩሽያ ግዛት በምትገኝ ሃንስዶርፍ በምትባል የገጠር መንደር ተወለደ። ይህች መንደር ዛሬ በፖላንድ ውስጥ ትገኛለች። አባቱ የትምህርት ቤት መምህር ነበር። መምህሩ ሁለት ጊዜ አግብቶ በድምሩ 13 ልጆች ስለ ወለደ የቤተ ሰቡ ኑሮ ከእጅ ወደ አፍ ነበር። ኤሚል ከሁለተኛይቱ ሚስት ለተወለዱት ልጆች ታላቃቸው ነው።

ኤሚል የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን በሆሄንሽታይን ከተማ አጠናቀቀ። ምኞቱ ሐኪም መሆን ነበር። ይሁን እንጂ የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ብዙ ገንዘብ ይጠይቅ ስለ ነበረ የመምህር ደመወዝ ይህን ምኞት ሊያሟላ አልቻለም። የቀረው መንገድ አንድ ብቻ ነበር። በበርሊን ከተማ የሚገኘው የጦር ሠራዊቱ የሕክምና ኮሌጅ አቅም የሌላቸውን ወጣቶች ያለ ክፍያ ያስተምር ነበር። በምትኩም ተማሪዎቹ ከተመረቁ በኋላ ለብዙ ዓመታት በሠራዊቱ ውስጥ በሐኪምነት እንዲያገለግሉ ግዴታ ያስገባቸው ነበር። ኤሚል ይህን ግዴታ ተቀብሎ በ1874 ዓ.ም. ወደ ኮሌጁ ገባ። እንዲህም ሆኖ ድህነት ሊዘጋበት የነበረውን የትምህርት በር በወጣትነቱ ዓመታት ዋጋ ከፍሎ አስከፈተው።

በ1878 ዓ.ም. የዶክተርነት ማዕረግ አገኘ። በ1880 ዓ.ም. ደግሞ የሐኪምነት የመንግሥት ፈተናውን አልፎ በቮላውና በፖዘን ከተሞች በሠራዊት ሐኪምነት አገለገለ። ከሥራው ጎን ለጎንም ቁስልን ስለሚያመረቅዙ ተሕዋስያን ይመራመር ነበር። በዚያን ጊዜ በቁስል ላይ ከሚነሰነሱት መድኃኒቶች አንዱ አዮዶፎርም የሚባል ቢጫ ዱቄት ነበር። ቤሪንግ ይህን መድኃኒት በጥንቃቄ ሲመረምር አንድ ያልተጠበቀ ነገር አስተዋለ። መድኃኒቱ ተሕዋስያኑን እምብዛም አይገድልም፤ ሆኖም እነርሱ የሚያመነጩትን መርዝ የሚያደክም መሰለው። ከዚህ በመነሣት በሽታን ለማሸነፍ ተሕዋስያኑን መግደል ብቻ ሳይሆን መርዛቸውንም ማምከን ይቻል ይሆናል የሚል አሳብ አደረበት። ይህ አሳብ ከዚያ በኋላ ለሠራው ሥራ ሁሉ መሪ ሆነው።

አለቆቹም የምርምር ተሰጥኦውን ተመልክተው ለተጨማሪ ጥናት ወደ ቦን ከተማ ላኩት። በዚያም ሳለ የአይጥ ደም የአባ ሰንጋን ተሕዋስያን የመግደል ኃይል እንዳለው ተገነዘበ። በ1889 ዓ.ም. ወደ በርሊን ተመልሶ ዝነኛው ሊቅ ሮበርት ኮኽ ይመራው በነበረው የጤና አጠባበቅ ተቋም ውስጥ በረዳትነት ሥራ ጀመረ።

ዘመኑ የተሕዋስያን ጥናት ያበበበት ዘመን ነበር። ኮኽ በ1882 ዓ.ም. የሳንባ ነቀርሳን ባክቴሪያ አግኝቶ ነበር። ከረዳቶቹ አንዱ የነበረው ፍሪድሪኽ ሎፍለር ደግሞ በ1884 ዓ.ም. የዲፍቴሪያን ባክቴሪያ ለይቶ በቤተ ሙከራ ውስጥ ማራባት ቻለ። ነገር ግን አንድ እንቆቅልሽ ሳይፈታ ቀረ። ባክቴሪያው የሚገኘው በጉሮሮ ውስጥ ሆኖ ሳለ ከጉሮሮ የራቀውን ልብና ነርቭ የሚጎዳው በምን መንገድ ነው? እንቆቅልሹን በ1888 ዓ.ም. የፈቱት በፓሪስ የፓስተር ተቋም ተመራማሪዎች የነበሩት ኤሚል ሩና አሌክሳንደር ዬርሲን ናቸው። ሁለቱ ተመራማሪዎች ባክቴሪያው የተራባበትን ፈሳሽ እጅግ ረቂቅ በሆነ ማጣሪያ አጠለሉት። ከዚያም አንድም ባክቴሪያ ያልቀረበትን ፈሳሽ እንስሳትን ወጉበት። እንስሳቱም በዲፍቴሪያ እንደ ተያዙ ሆነው ሞቱ። ስለዚህ ልብንና ነርቭን የሚጎዳው ባክቴሪያው ወደ ደም የሚያሠራጨው መርዝ መሆኑ ታወቀ።

ቤሪንግ የራሱን ሙከራ የጀመረው በዚህ ጊዜ ነው። ጊኒ ፒግ የሚባሉትን አይጥ መሰል ትናንሽ እንስሳት በዲፍቴሪያ ካስያዘ በኋላ ከአዮዲንና ከክሎሪን በተቀመመ መድኃኒት ሊያድናቸው ሞከረ። ከእንስሳቱ የሚበዙት ሞቱ። አንዳንዶቹን የገደላቸው በሽታው ሲሆን ሌሎቹን የገደላቸው ራሱ መድኃኒቱ ነበር። ጥቂቶች ግን ከስተውና ቆስለው በሕይወት ተረፉ። ቤሪንግ ለእነዚህ ለተረፉት እንደገና ጤነኛ እንስሳ የሚገድል መጠን ያለው መርዝ ሰጣቸው። እንስሳቱ ምንም አልሆኑም። ከዚህ ውጤት አንድ ጥያቄ ተነሣ። መርዙን የሚያመክነው ኃይል በእንስሳቱ ሰውነት ውስጥ የተቀመጠው የት ነው?

ለዚህ ጥያቄ መልስ ለማግኘት ቤሪንግ ብቻውን አልሠራም። በዚያው ተቋም ሺባሳቡሮ ኪታሳቶ የሚባል ጃፓናዊ ሐኪም ነበር። ኪታሳቶ በ1889 ዓ.ም. የመንጋጋ ቆልፍን ማለትም የቴታነስን ባክቴሪያ ከሌሎች ተሕዋስያን ለይቶ ለማራባት የቻለ የመጀመሪያው ተመራማሪ ነው። ይህ ባክቴሪያ አየር ባለበት ስለማይራባ ሌሎች ብዙ ተመራማሪዎች ሞክረው ሳይሳካላቸው ቀርቶ ነበር። መንጋጋ ቆልፍም እንደ ዲፍቴሪያ ሁሉ ጉዳት የሚያደርሰው በመርዙ ነው። ባክቴሪያው በቁስል ውስጥ ተሸሽጎ የሚያመነጨው መርዝ ጡንቻዎችን እያኮማተረ መንጋጋን ይቆልፋል፤ ትንፋሽንም ያቋርጣል። ሁለቱ ባልደረቦች የተነሡበት ጥያቄ አንድ ዓይነት ስለ ነበረ ቤሪንግ በዲፍቴሪያ፣ ኪታሳቶ በመንጋጋ ቆልፍ ላይ እየሠሩ ተባበሩ።

ሙከራቸውን ለመረዳት ሴረም ምን እንደ ሆነ አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል። ደም ከሰውነት ወጥቶ በብርጭቆ ዕቃ ውስጥ ሲቀመጥ ይረጋል። የረጋው ደም ሲኮማተር ደግሞ ብጫ መልክ ያለውና ጥርት ያለ ፈሳሽ ይለያል። ሴረም የሚባለው ይህ ፈሳሽ ነው። በውስጡ የደም ሕዋሳት የሉም።

ቤሪንግና ኪታሳቶ የመንጋጋ ቆልፍን መርዝ እንዲቋቋም አድርገው ካለማመዱት ጥንቸል ደም ቀዱ። ጥቂት ጠብታዎችንም ለጤነኛ አይጦች በመርፌ ሰጡ። ከ24 ሰዓት በኋላ እነዚህን አይጦችና ምንም ያልተሰጣቸውን ሌሎች አይጦች በመንጋጋ ቆልፍ ባክቴሪያ ወጓቸው። ምንም ያልተሰጣቸው አይጦች በሙሉ ሞቱ። የጥንቸሉን ደም የወሰዱት ግን ጤነኞች እንደ ሆኑ ቆዩ። ተመራማሪዎቹ በዚህ ብቻ አልረኩም። ከተለማመደው ጥንቸል የተገኘውን ሴረም ከመርዙ ጋር በብርጭቆ ውስጥ ቀላቅለው ለ24 ሰዓት አቆዩት። ቅልቅሉን የተወጉት አይጦች አንድን አይጥ ለመግደል ከሚበቃው መጠን ከ300 ጊዜ በላይ የሚበልጥ መርዝ ቢገባባቸውም አልሞቱም። ካልተለማመደ ጥንቸል፣ ከላም ወይም ከፈረስ የተወሰደ ሴረም ግን ይህን ያህል ቀርቶ ጥቂቱን መርዝ እንኳ ለማምከን አልቻለም።

ከእነዚህ ሙከራዎች ሦስት ታላላቅ ቁም ነገሮች ተገኙ። አንደኛ፣ መርዙን የሚያመክነው ነገር የሚገኘው በደም ሕዋሳት ውስጥ ሳይሆን በፈሳሹ በሴረም ውስጥ ነው። ሁለተኛ፣ ይህ ነገር ቀድሞ በደም ውስጥ የነበረ ሳይሆን ሰውነት ከመርዙ ጋር ከተዋወቀ በኋላ የሚፈጠር ነው። ሦስተኛ፣ ከአንዱ ሰውነት ተቀድቶ ለሌላው ሊሰጥ ይችላል። ይሁን እንጂ እያንዳንዱ ሴረም የሚሠራው በተለማመደው መርዝ ላይ ብቻ ነው። የመንጋጋ ቆልፍ ሴረም ዲፍቴሪያን አይከላከልም፤ የዲፍቴሪያውም መንጋጋ ቆልፍን አይከላከልም። ሁለቱ ሐኪሞች ግኝታቸውን ዲሴምበር 4 ቀን 1890 ዓ.ም. በአንድ የጀርመን የሕክምና መጽሔት ላይ አወጡ። በሳምንቱም ቤሪንግ ስለ ዲፍቴሪያ ብቻ የሚናገር ሌላ ጽሑፍ አሳተመ። በሴረም ውስጥ የተገኘውም ነገር ፀረ መርዝ ተባለ። ዛሬ ፀረ መርዞችን ጨምሮ በእንዲህ ያለ መንገድ በደም ውስጥ የሚፈጠሩት መከላከያዎች በጠቅላላው ፀረ እንግዳ አካላት በመባል ይታወቃሉ።

ከአይጥ ወደ ሕፃን ያለው መንገድ ግን ረጅም ነበር። ለአንድ አይጥ ጥቂት ጠብታ ይበቃል፤ ለአንድ በጠና ለታመመ ሕፃን ግን ብዙና ኃይለኛ ሴረም ያስፈልጋል። ቤሪንግ ኤሪኽ ቬርኒከ ከሚባል የሠራዊት ሐኪም ወዳጁ ጋር በበጎች ላይ መሥራት ጀመረ። ከ1891 ዓ.ም. ጀምሮ በሕፃናት ላይ የተደረጉት የመጀመሪያዎቹ ሕክምናዎች ያስገኙት ውጤት የተደባለቀ ነበር። አንዳንዱ ሕፃን ይድናል፤ ሌላው ይሞታል። ምክንያቱም የአንዱ በግ ሴረም ብርቱ ሲሆን የሌላው ደካማ ነበር፤ ኃይሉንም አስቀድሞ የሚለካ ሚዛን አልነበረም። ሐኪሙ በመርፌው ውስጥ ያለው ፈሳሽ ያድን ወይም አያድን እንደ ሆነ ሳያውቅ ይወጋ ነበር ማለት ነው።

ይህን ችግር የፈታው በዚያው ተቋም ይሠራ የነበረው ሌላው ሊቅ ጳውል ኤርሊኽ ነው። ኤርሊኽ ከዕፀዋት በሚገኙ መርዞች ላይ ባደረገው ጥናት አንድ እንስሳ በመጀመሪያ በጣም ጥቂት መርዝ፣ ከዚያም በየጊዜው እየጨመረ የሚሄድ መጠን ቢሰጠው በደሙ ውስጥ ያለው ፀረ መርዝም አብሮ እየጨመረ እንደሚሄድ አሳይቶ ነበር። ከዚህም በላይ የአንድን ሴረም ኃይል በቁጥር የሚለካበትን መንገድ አበጀ። ይኸውም መጠኑ የታወቀ መርዝን ለማምከን ምን ያህል ሴረም እንደሚያስፈልግ በመመርመር ነው። ከዚያ ወዲህ ሴረም እንደ እህልና እንደ ቅቤ ተለክቶና ተመዝኖ የሚሰጥ መድኃኒት ሆነ። በበጎቹም ምትክ ብዙ ደም ሊቀዳላቸው የሚችሉ ፈረሶች ገቡ። ሄክስት የተባለው የጀርመን የቀለምና የመድኃኒት ፋብሪካ በ1894 ዓ.ም. ሴረሙን በብዛት እያዘጋጀ ለሽያጭ አቀረበ።

በዚያው ዓመት በፓሪስ ኤሚል ሩ ከፈረስ ያዘጋጀውን ሴረም በአንድ የሕፃናት ሆስፒታል ለ300 ያህል ሕፃናት ሰጠ። ቀድሞ በዚያ ሆስፒታል ከ100 የዲፍቴሪያ ሕሙማን 50 ያህሉ ይሞቱ ነበር። ሴረሙ ከተሰጠ በኋላ ግን የሟቾቹ ቁጥር ወደ 25 ገደማ ወረደ። ሩ ይህን ውጤት በቡዳፔሽት ከተማ በተደረገው ዓለም አቀፍ የሐኪሞች ጉባኤ ላይ ባሰማ ጊዜ አዳራሹ በደስታ ተናወጠ። ፈረንሳይና ጀርመን ከ1870 ዓ.ም. ጦርነት ወዲህ በክፉ ዓይን የሚተያዩ አገሮች ነበሩ። ሆኖም በፓሪስ የተገኘው መርዝና በበርሊን የተገኘው ፀረ መርዝ ተደጋግፈው የሁለቱንም አገሮች ሕፃናት አዳኑ። ሩ ከቤሪንግ ጋር የቅርብ ወዳጅነት መሥርቶ ከልጆቹ ለአንዱ የክርስትና አባት ሆነ።

ቤሪንግ በ1894 ዓ.ም. በሃለ፣ በ1895 ዓ.ም. ደግሞ በማርቡርግ ዩኒቨርሲቲ የጤና አጠባበቅ ፕሮፌሰር ሆኖ ተሾመ። በ1896 ዓ.ም. ኤልዘ ሽፒኖላ የምትባል ወጣት አግብቶ ስድስት ወንዶች ልጆች ወለደ። በ1901 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰጥ በሕክምናው ዘርፍ የተሸለመው እርሱ ነው። በዚያው ዓመት የመኳንንት ማዕረግ ስለ ተሰጠው ስሙ ኤሚል ፎን ቤሪንግ ተባለ። በ1904 ዓ.ም. ደግሞ ሴረምና ክትባት የሚያዘጋጅ የራሱን ድርጅት በማርቡርግ አቋቋመ። የድኻው መምህር ልጅ ባለጸጋ ሆነ።

ይሁን እንጂ ክብሩ ሙሉ ለሙሉ ያለ ቅሬታ የተገኘ አልነበረም። የ1890ው ጽሑፍ የሁለት ሰዎች ሥራ ሆኖ ሳለ ኪታሳቶ ሽልማቱን አልተካፈለም። ኪታሳቶ በ1892 ዓ.ም. ወደ አገሩ ተመልሶ የጃፓን የተላላፊ በሽታዎች ምርምር መሪ በመሆን እስከ ሞተበት እስከ 1931 ዓ.ም. ድረስ ሠራ። ኤርሊኽም ሴረሙን አስተማማኝ መድኃኒት ያደረገው የእርሱ መለኪያ ሆኖ ሳለ ከሽያጩ ተገቢውን ድርሻ አላገኘሁም በማለት ከቤሪንግ ጋር ተቃቃረ። እርሱ ግን በ1908 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ከኢልያ ሜችኒኮፍ ጋር ተካፍሏል። ሜችኒኮፍ ሰውነትን የሚከላከሉት ተሕዋስያንን የሚውጡ ነጭ የደም ሕዋሳት ናቸው ይል ነበር፤ ቤሪንግና ኤርሊኽ ደግሞ በሴረም ውስጥ ያሉት ፀረ እንግዳ አካላት ናቸው ይሉ ነበር። በኋላ እንደ ታወቀው ሁለቱም ወገኖች የእውነቱን ከፊል ይዘው ነበር፤ ሕዋሳቱና ፀረ እንግዳ አካላቱ የሚሠሩት ተደጋግፈው ነውና።

ሴረሙም ቢሆን ጉድለት ነበረው። ፀረ መርዙ የተበደረ እንጂ የሕፃኑ የራሱ ሀብት አይደለም። የፈረስ ፀረ እንግዳ አካላት በሰው ደም ውስጥ የሚቆዩት ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ነው። ሰውነት ራሱ ስላልሠራቸው ሲያልቁ ሊተካቸው አይችልም። ከዚህም በላይ አንዳንድ ሕሙማን የፈረሱ ሴረም ስለማይስማማቸው ትኩሳት፣ ሽፍታና የመገጣጠሚያ ሕመም ይይዛቸው ነበር። ስለዚህ ሴረም የታመመውን ለማዳን የሚጠቅም እንጂ ጤነኛውን ለዘለቄታው ለመጠበቅ የሚበቃ አልነበረም። ለዘለቄታው ለመጠበቅ ሰውነት ፀረ መርዙን በራሱ እንዲሠራ ማድረግ ያስፈልግ ነበር።

ቤሪንግ በመካከሉ ብዙ ዓመታት በሳንባ ነቀርሳ ላይ ደከመ። ለከብቶች ያዘጋጀው ክትባት እንደ ታሰበው ሳይሠራ ቀረ፤ ሰውን የሚያድን ዘዴም ሳያገኝ ቀረ። በዚህና በጤናው መታወክ ምክንያት ከባድ የመንፈስ ጭንቀት ያዘው፤ ከ1907 ዓ.ም. ወዲህም ለረጅም ጊዜ በሕክምና ተቋም ቆየ። ከዚያ ሲወጣ ግን ወደ ቀድሞው የዲፍቴሪያ ጥናቱ ተመለሰ። በ1913 ዓ.ም. መርዝንና ፀረ መርዝን በልክ ቀላቅሎ በማዘጋጀት አዲስ ክትባት አቀረበ። በቅልቅሉ ውስጥ መርዙ በፀረ መርዙ ስለ ተያዘ ሕፃኑን አይጎዳውም፤ ሆኖም ሰውነቱ መርዙን አውቆ የራሱን ፀረ መርዝ እንዲሠራ ያነቃቃዋል። እንዲህም በማድረግ ቤሪንግ በመጀመሪያ ለታመሙት የተበደረ መከላከያ ሰጠ፤ በመጨረሻው ዘመኑ ደግሞ ጤነኞቹ የራሳቸውን መከላከያ የሚሠሩበትን መንገድ አመለከተ።

በ1914 ዓ.ም. አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲነሣ በምሽግ አፈር የተበከለ ቁስል ያላቸው ወታደሮች በመንጋጋ ቆልፍ ይሞቱ ጀመር። የመንጋጋ ቆልፍ ሴረም ለቁስለኞች አስቀድሞ መሰጠት ከጀመረ በኋላ ግን የሟቾቹ ቁጥር በእጅጉ ቀነሰ። ቤሪንግ የጦርነቱን ፍጻሜ ሳያይ ማርች 31 ቀን 1917 ዓ.ም. በ63 ዓመቱ በሳንባ ምች ሞተ። የተቀበረውም በማርቡርግ አጠገብ በሚገኝ ኮረብታ ላይ ነው።

እርሱ የጀመረው ሥራ ግን ከሞተ በኋላም ቀጠለ። በ1923 ዓ.ም. ፈረንሳዊው ጋስቶን ራሞን የዲፍቴሪያን መርዝ በፎርማሊንና በሙቀት አማካይነት ጉዳት እንዳያደርስ አደረገው። እንዲህ የመከነው መርዝ ማንንም አይመርዝም፤ ሰውነት ግን እንደ እውነተኛው መርዝ ቆጥሮ ፀረ መርዝ ይሠራበታል። የዛሬዎቹ የዲፍቴሪያና የመንጋጋ ቆልፍ ክትባቶች የሚዘጋጁት በዚሁ መንገድ ነው። ሴረሙም ቢሆን ታማሚን ለማዳን አሁንም ያገለግላል። በ1925 ዓ.ም. ኖም በተባለች የአላስካ ከተማ ዲፍቴሪያ በገባ ጊዜ ባቡርም መኪናም ስላልነበረ 20 ያህል የውሻ ጋሪ ነጂዎች እየተቀባበሉ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሆነውን የበረዶ ጎዳና በስድስት ቀን ያህል ጊዜ አቋርጠው ሴረም አድርሰዋል።

ዛሬ ክትባት በደም ውስጥ የሚያስከትለው ለውጥ ከቤሪንግ ዘመን ይልቅ በሚገባ ታውቋል። አንድ ሕፃን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲከተብ ለጥቂት ቀናት በሴረሙ ውስጥ ምንም ለውጥ አይታይም። በዚህ ጊዜ ነጭ የደም ሕዋሳቱ እንግዳውን ነገር እያወቁ ነው። ከአንድ ወይም ከሁለት ሳምንት በኋላ ፀረ እንግዳ አካላት በጥቂቱ መታየት ይጀምራሉ፤ ከጊዜ በኋላም ይቀንሳሉ። ነገር ግን አንዳንዶቹ ሕዋሳት እንግዳውን ነገር የማስታወስ ችሎታ ይዘው ይቀራሉ። ስለዚህ ሁለተኛውና ሦስተኛው ክትባት ሲሰጥ ፀረ እንግዳ አካላቱ ፈጥነውና በዝተው ይመጣሉ፤ ከመጀመሪያዎቹ ይልቅ መርዙን አጥብቀው ይይዛሉ፤ ለዓመታትም ይቆያሉ። በአንድ ሚሊ ሊትር ሴረም ውስጥ የሚገኘው የዲፍቴሪያ ፀረ መርዝ 0.1 ዓለም አቀፍ ዩኒት ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ሰውየው በሚገባ የተጠበቀ ነው ይባላል። ይህ መለኪያ መሠረቱ የኤርሊኽ ሚዛን ነው። መጠኑ በዓመታት ብዛት ስለሚቀንስ ማጠናከሪያ ክትባት ያስፈልጋል። ነፍሰ ጡር እናት መንጋጋ ቆልፍን የሚከላከለውን ክትባት ስትወስድ ደግሞ ፀረ እንግዳ አካላቷ ወደ ፅንሱ ይተላለፋሉ። ሕፃኑም የእናቱን መከላከያ ተበድሮ ይወለዳል።

በአገራችን የክትባት ፕሮግራም በ1980 ዓ.ም. ማለትም በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1972 ዓ.ም. ተጀመረ። ዘጊ አነዳን፣ መንጋጋ ቆልፍንና ትክትክን የሚከላከለው ክትባት ሕፃኑ በተወለደ በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት ይሰጣል። ክትባቱ ሦስት ጊዜ የሚደጋገመው ከላይ እንደ ተገለጸው አንዱ ብቻውን በቂ ፀረ መርዝ ስለማያስገኝ ነው። ከሁለት ወይም ከሦስት ክትባት በፊት የቀረ ሕፃን መንገድ ጀምሮ ከመካከሉ እንደ ተመለሰ ሰው ይቆጠራል። ክትባት ሲቋረጥ በሽታው እንደሚመለስ የቅርብ ዘመን ታሪክ ያስረዳል። ከ1990 ዓ.ም. ወዲህ ባሉት ዓመታት በቀድሞዋ ሶቪየት ኅብረት አገሮች ክትባቱ በመጓደሉ ከ150,000 በላይ ሰዎች በዲፍቴሪያ ተይዘው በሺህ የሚቆጠሩ ሞተዋል።

ዛሬ ዘጊ አነዳን በዓይናቸው ያዩ ወላጆች ጥቂቶች ናቸው። በሽታው ከዓይን የራቀው ከምድር ስለ ጠፋ አይደለም። በእያንዳንዱ የተከተበ ልጅ ደም ውስጥ፣ በጥቂት ጠብታ ሴረም ውስጥ፣ በዓይን የማይታይ ጠባቂ ስለ ቆመ ነው። ይህን ጠባቂ ለይተው ያሳወቁን ጀርመናዊው የመምህር ልጅ፣ ጃፓናዊው ባልደረባውና የእነርሱን ሥራ ያሟሉት ሌሎች ሊቃውንት ናቸው።

መልመጃ

ከዚህ በላይ ያነበባችሁትን ታሪክ መሠረት በማድረግ ለሚከተሉት ጥያቄዎች በተሟላ ዓረፍተ ነገር መልስ ስጡ።

1. ቤሪንግ ወደ ጦር ሠራዊቱ የሕክምና ኮሌጅ የገባው በምን ምክንያት ነው? በምትኩስ ምን ግዴታ ገባ?
2. ሩና ዬርሲን በ1888 ዓ.ም. የፈቱት እንቆቅልሽ ምን ነበር?
3. በ1890 ዓ.ም. በጥንቸልና በአይጦች ላይ የተደረገውን ሙከራ በራሳችሁ አነጋገር በቅደም ተከተል ግለጹ።
4. የኤርሊኽ መለኪያ ከመገኘቱ በፊት የሴረም ሕክምና አስተማማኝ ያልነበረው ለምንድን ነው?
5. ከሌላ ሰውነት በተበደረ ፀረ መርዝና ሰውነት ራሱ በሠራው ፀረ መርዝ መካከል ያለውን ልዩነት አስረዱ።
6. ኪታሳቶ የኖቤል ሽልማቱን ሊካፈል ይገባው ነበርን? አሳባችሁን በምክንያት በመደገፍ በክፍል ውስጥ ተከራከሩ።